የአማቴ ቁም ተዝካር

በጠላት ጊዜ በጆሮዬ የሰማሁት ትልቁ የጦር ምክር የተመከረው በእኔ የአራስ ቤት፣ የእኔን ገንፎ እየበሉ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። እኔ ግን ያልሰማሁትን አልጽፍም፤ ከመካሪዎቹ የሚለየኝ አንድ የሸማ መጋረጃ ብቻ ነበር።

የአባቴ ቤት ከሮብ ገበያ በላይ፣ የጮቄ ብርድ በሚወርድበት ተረተር ላይ ነው። እዚያ ላይ ያሉት ሦስት ደብሮች ጠላት በገባ በሁለተኛው ዓመት ማኅላ ተማማሉ። ማኅላው አጭር ነበር። አንዱ ደብር ሲነካ ሦስቱም እንደተነኩ ይቆጠር፤ ቀንድ ሲነፋ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይድረስ፤ ሰምቶ የቀረ ከክርስቲያን አይቆጠር። ሌላ ደብር ልግባ ቢል ግን የሦስቱ ደብር ሽማግሌዎች በአንድ ቃል እሺ ማለት ነበረባቸው። አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ቀረ።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ አባቴ ነበሩ። ሁለተኛው ግራዝማች ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ አንድ ዘመቻ ሄደው ለሦስት ዘመቻ የሚበቃ ወሬ ይዘው የተመለሱ፣ ሆዳቸው ከዝናራቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። ሦስተኛው መርጌታ ናቸው። ዲማ ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው የሚያስለቅስ፣ ነገርን ሁሉ በሦስት ከፍለው የሚናገሩ ሊቅ ነበሩ። የምሳ ሰዓት መድረሱን እንኳ በሦስት ከፍለው ነው የሚያስረዱት።

የባሌ አገር ከታች ነው፤ ከአባቴ ቤት የግማሽ ቀን ቁልቁለት። ጠላት ምሽጉን የሠራው እኛ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የመለከታቸውን ድምፅ እንሰማ ነበር። ላዮቹ እኛን «ታቾች» ይሉናል። ሲሉትም ከንፈራቸውን ትንሽ ወደ ጎን ያደርጋሉ።

በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ስለሆነ ለመውለድ ወደ አባቴ ቤት ወጣሁ። በገና ማግስት ወንድ ልጅ ተገላገልሁ። በዚያን ጊዜ ባንዳ በየመንገዱ ስለነበረ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቢታዩ ወሬው ምሽግ ይደርሳል። አራስ ያለችበት ቤት ግን ሰው ቢገባ ቢወጣ ማን ይጠረጥራል? ስለዚህ የሦስቱ ደብር ማኅላ እንዳለ እኔን ሊጠይቅ መጣ። በየሦስት ቀኑ እየመጡ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጡና እናቴ ለእኔ ያገነፋችውን ገንፎ በመሃሉ ካለው ቅቤ ጋር ይበላሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉኝ መርጌታ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ያሉት ሁለተኛው ገበታ ሲቀርብ ነው። ምጡን ያማጥሁት እኔ፣ የወፈሩት እነሱ።

በጥምቀት ሰሞን በሮብ ገበያ አዋጅ ተነገረ። አዋጁ ለታቾች ነበር። የምሽጉ ሹም፣ «ጠመንጃችሁን እስከ አስተርእዮ ማርያም አምጥታችሁ አስረክቡ። ካላመጣችሁ በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ እኔው መጥቼ እሰበስባለሁ፤ ቤታችሁንም አቃጥላለሁ» አለ። ማስፈራሪያ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ መንደር በኅዳር እንዲሁ ተነግሮት ከዐመድ በቀር የቀረው አልነበረም። እህሉ ገና ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ እህል ደግሞ ተሸክመውት አይሸሹም።

በማግስቱ አማቴ ሽቅቡን ብቻቸውን ወጥተው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ርስቱን የሚያሳርሱት፣ ነገር የሚቆርጡት፣ ለመንደሩም የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ከመጋረጃው ገብተው ልጄን አዩት፣ ግንባሩን እፍ እፍ አሉበት፣ እኔን ሳሙኝ። ከዚያ ወጥተው ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጡ።

«እንግዲህ የመጣሁት የልጅ ልጄን ለማየት ብቻ አይደለም» አሉ። «በማኅላችሁ አስገቡን። ቀንድ ስንነፋ ድረሱልን፤ ስትነፉ እንደርሳለን።»

የቀንድ ማንኪያቸው የገንፎውን ገበታ ይቧጭር ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት ግራዝማች ናቸው።

«እመይቴ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። እናንተ ያላችሁት ከምሽጉ አፍንጫ ሥር ነው። እናንተ ከገባችሁ የእኛ አጥር የት ሊደርስ ነው? ፈረንጁ ደጅ! እሱስ ምን ይላል? እነዚህ ሰዎች እየገፉ መጡብኝ ይላል። የተኛ ጅብ በእንጨት አይጎረጎርም።»

«ጅቡ ተኝቷል እንዴ?» አሉ አማቴ።

«ለጊዜው ተኝቷል።»

«በኅዳር ከወንዝ ማዶ የበላው በእንቅልፍ ልቡ ነው?»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቄን ለማፈን ሸማዬን ነከስሁ። ግራዝማች ወደ መርጌታ ዞሩ።

«ይህ ነገር በሦስት ይከፈላል» አሉ መርጌታ። «አንደኛ፣ ታቾች ዓምና ለጠላት ገብራችኋል። ሁለተኛ፣ ለጠላት የገበረ ንስሐ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ንስሐ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ምን ያህል ጊዜ፣ የኔታ?»

«እንደ ኀጢአቱ ነው። ሰባት ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«አስተርእዮ ማርያም ሁለት ሳምንት አልቀራትም።»

«እመይቴ፣ እኛ በሩን አልዘጋንም። በሩ ክፍት ነው።»

«ክፍት ከሆነ እንግባ?»

«ክፍት ነው አልሁ እንጂ ግቡ አላልሁም።»

ዓምና ላዮቹም ገብረዋል። ሁለት ሙክት ከአባቴ በረት ወጥተው ወደ ምሽግ ሲነዱ በዓይኔ አይቻለሁ። የላዮች ግብር «ጊዜ መግዣ» ይባላል፤ የታቾች ግብር ግን ኀጢአት ነው። ልዩነቱን የሚያውቁት ዲማ የተማሩ ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ አባቴ፣ «ጠመንጃ ስንት አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ስድስት።»

«ከስድስቱ ሁለቱ አይተኩሱም ይባላል።»

«እውነት ነው። አራቱ ይተኩሳሉ፤ ሁለቱ ያስፈራራሉ።»

«ታዲያ እኛ መጥተን እንሞትላችኋለን። እናንተስ ለእኛ ምን ታደርጉልናላችሁ?»

«እኛማ ከፊታችሁ ነን» አሉ አማቴ። «ጠላት ወደ እናንተ ሲወጣ ማንን ረግጦ የሚወጣ ይመስልዎታል? ዛሬ በእኛ ላይ ብታቆሙት ነገ ደጃችሁ አይደርስም።»

አባቴ መልስ ያጣ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረጉ፤ «እስቲ ለብቻችን እንምከር» አሉ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ግቢ ወጡ።

እውነተኛው ምክር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። እኔ መኖሬን ረስተውታል፤ አራስ እንደ ጎተራ ናት፣ ከቤት ትቆጠራለች እንጂ ከሰው አትቆጠርም።

«እነዚህ ሰዎች» አሉ ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሠርጉ ቀን ያደረጉትን ረስታችሁት ነው?»

ማንም አልረሳውም። በእኔ ሠርግ ታቾች በሬ ጥለው ነበር። ሻኛ በድግስ ላይ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ብልት መሆኑን የማያውቅ የለም። ግራዝማች ለማዕረጌ ይገባኛል ብለው ሲጠብቁ፣ መርጌታ ለክህነቴ፣ አባቴም የሙሽራይቱ አባት ስለሆንሁ ሲሉ፣ ከደጀን የመጣ አንድ የጨው ነጋዴ ፊት ቀረበ። ነጋዴው በዚያ ዓመት ጨው ሲጠፋ ለመንደሩ በዱቤ የሰጠ ሰው ነው። ሻኛውን በላና አመስግኖ ሄደ።

«ሻኛ ለነጋዴ የሰጠ አገር፣ ክብር የሚያውቅ አገር ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ነገሩ በሦስት ይከፈላል» አሉ መርጌታ። «አንደኛ፣ ነጋዴ ነው። ሁለተኛ፣ ነጋዴ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ሥጋ አልጣመኝም» አሉ አባቴ።

ሦስተኛው ገበታ ገንፎ ባዶ ሆኖ ከፊታቸው ተቀምጧል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ልጄን እያጠባሁ የባሌ አገር በምን ምክንያት እንደሚቃጠል ተረዳሁ። የተኛ ጅብ የለም፣ ሰባት ዓመት ንስሐ የለም። አንድ ሻኛ ነው።

አማቴን መልሰው ጠሩ። አባቴ፣ «ነገሩ ገና አልበሰለም። የተውናችሁ አይምሰላችሁ፣ በልባችን ከእናንተ ጋር ነን» አሉ።

«በልባችሁ» አሉ አማቴ። «እንግዲያውስ ማክሰኞ ልባችሁን ላኩልን። ልጅዎስ? የልጅ ልጅዎስ?»

«ልጄ እዚሁ ናት። ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ ምንም አይነካትም።»

ያን ጊዜ ነው ከመጋረጃው የወጣሁት። ልጄን ታቅፌ፣ ፀጉሬ ሳይበጠር፣ ወለል ላይ ቆምሁ። አራስ በቀኗ ሳትወጣ ከወንዶች ፊት መቆሟ በአገራችን ታይቶ አያውቅም፤ መርጌታ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ።

«አባዬ» አልሁ፣ «እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

«የት ቤት ነው?»

«የሚቃጠለው ቤት።»

እናቴ ጮኸች። አባቴ ቀልተው ከዚያ ነጡ፤ እግሬን ይይዙኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንዲይዙኝም ፈልጌ ነበር። ልጁ ታች ካለ ቀንዱን ይሰማሉ ብዬ ነው ያሰብሁት። አባቴ ግን፣ «እንግዲህ በራስሽ ፈቃድ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። እናቴ እያለቀሰች አራስ ያለ ብረት አትወጣም ብላ ቢላዋ አስያዘችኝ። አማቴ ልጁን አዝለው፣ እኔ ቢላዬን ይዤ፣ ያን ቁልቁለት ወረድን። ሜዳው ላይ ስንደርስ አማቴ፣ «ልጄ፣ ወገብሽን እሰሪ፣ ብርዱ ይገባብሻል» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ከአባቴ ዘንድ አንድ በግ መጣ። የሚነዳው ሰው፣ «ለአራሷ ነው። እንዳይበርዳት ሾርባ ይሠራላት ብለዋል» አለ። ለአምስት ቀን የሚበቃ ሾርባ። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው መልእክት አልነበረውም።

አማቴ በጉን ዞረው ዞረው አዩት። «እነዚህ ሰዎች ለቀንድ አይመጡም። ለምንድን ነው የሚመጡት ልጄ?» አሉ።

«ለሻኛ» አልሁ። የሰማሁትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ የጨው ነጋዴውን፣ የመርጌታን አንደኛና ሁለተኛ፣ ሥጋ አልጣመኝም ያሉትን አባቴን።

አማቴ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንባቸውን ጠርገው፣ «ቁም ተዝካሬን አወጣለሁ» አሉ።

ሰው ወራሽ ያወጣልኛል ብሎ ካላመነ በሕይወቱ ሳለ የራሱን ተዝካር ደግሶ ያበላል፤ ቁም ተዝካር ይባላል። አማቴ ግን ልጅ አላቸው፤ ባሌ አለላቸው። የደብራችን ቄስ፣ «ምን አስቸኮልዎት? ገና ብርቱ ነዎት» ብለው ጠየቋቸው።

«አባ፣ ማክሰኞ ቤቴ ከተቃጠለ በኋላ በምን አወጣዋለሁ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

ባሌ ሽቅብ ወጥቶ ሦስቱን ሽማግሌዎች ለየብቻቸው ጠራ። ለእያንዳንዳቸው የነገራቸው አንድ ነው። «እናቴ ማክሰኞ ቁም ተዝካሯን ታወጣለች። ሻኛው ለእርስዎ ተቀምጧል። ለሌሎቹ አይንገሩ፣ ቅር ይላቸዋል።» ከዚህ ሌላ አማቴ ያወጡትን አንድ ሥርዓት ነገራቸው። ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ከዳሱ ውስጥ፣ ከመደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ጠመንጃ ያልያዘ ከደጅ፣ ከቆሎ ተማሪዎችና ከነዳያን ጋር።

ባሌ ማታ ተመልሶ የሰጡትን መልስ ነገረን። ግራዝማች፣ «የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ለነፍስ ጉዳይ አይቀርም» ብለዋል። መርጌታ፣ «በሦስት ምክንያት እመጣለሁ። አንደኛ ለጸሎቱ፣ ሁለተኛ ለበረከቱ» ብለው ሦስተኛውን ሳይናገሩ ምራቃቸውን ዋጡ። አባቴ ስለ እኔም ስለ ልጁም ከጠየቁ በኋላ፣ «በሬው ወፍራም ነው?» አሉ።

ማክሰኞ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት መሆኑን አንዳቸውም አላነሡም። አውቀው አይደለም፤ ረስተውት ነው። አዋጁ የተነገረው ለእኛ እንጂ ለእነሱ አልነበረም። የሰው ቤት የሚቃጠልበት ቀን በሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አያድርም።

በዚያ ማክሰኞ ፀሐይ ሳትወጣ ደረሱ። ለቀንድ ይመጡ እንደሆን በዚያ ሁሉ ቀን ያልቆረጡ ሰዎች፣ ለበሬ ግማሽ ቀን የሚያስኬደውን ቁልቁለት ሌሊቱን ወርደው ነጋ ሳይባል ከዳሱ ደጅ ቆሙ። ከኋላቸው የሦስቱ ደብር ጎልማሳ ሁሉ ነበር፤ ከደጅ መቀመጥን የመረጠ የለም፤ ጠመንጃ የሌለው እንኳ ተውሶ መጥቷል። በዚያ ቀን በእኛ መንደር የነበረውን ያህል ጠመንጃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አማቴ አዲስ ሸማ ለብሰው፣ ከዳሱ መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን ተዝካር ያስተናግዱ ነበር።

«ነፍስ ይማር» ይላል የገባው ሁሉ።

«አሜን፤ ግን ቀስ በሉ፣ አትቸኩሉ» ይላሉ አማቴ።

ቀሳውስቱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ጠላው ተቀዳ። ሻኛው ብቻውን ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ነጭ ስቡ ያበራል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየተራ ምሰሶውን ያያሉ፤ ከዚያም ጎረቤታቸውን ያያሉ፤ በአዘኔታ። ሦስቱም ለሌሎቹ ሁለቱ አዝነው ነበር። ያን ያህል ርኅራኄ በፊታቸው አይቼ አላውቅም። ብልት አውጪው ቢላዋውን ስሎ ተነሣና፣ «እመይቴ፣ ሻኛውን ለማን ላቅርብ?» አለ።

አማቴ መልስ ሳይሰጡ ከጉብታው ላይ የቆመው ጠባቂያችን ሮጦ ገባ። «መጡ! ከወንዙ ወዲህ ተሻግረዋል! አስካሪ ወታደሩም ባንዳውም፤ ሹሙ በበቅሎ ነው!»

ግራዝማች ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው የመጣው?»

«ያ የተኛው ጅብ ነዋ» አሉ አማቴ። «ነቅቶ ይሆናል።»

«ይህ ተንኮል ነው! በተዝካር አታለው...»

«ግራዝማች፣ እኔ የጠራሁዎት ለተዝካሬ ነው። በሬ አርጃለሁ፣ ጠላ ጠምቄያለሁ። እሱን የጠራው ማነው? ራሱ ቀን ቆርጦ በሮብ ገበያ አስነግሯል። አልሰሙም ነበር?»

«እንሂድ!» አሉ ግራዝማች።

«በሩ ክፍት ነው» አሉ አማቴ፣ መርጌታን እያዩ። «ግን ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ በሜዳው ነው። ከሜዳው ላይ ጀርባችሁ ይታያል። ከድንጋይ ካቡ ኋላ ብትሆኑ ግን ፊታችሁም አይታይም።»

እኔ ልጄን ታቅፌ ከዳሱ በር ቆሜ ነበር። አባቴ አዩኝ። ምሰሶውንም አዩ። ከዚያ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ጠመንጃቸውን አነገቱና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑን ከካቡ ኋላ አስገቢው» አሉኝ። ለእኔ ተነሥተው እንደሆነ፣ ወይስ ሻኛውን ሳይቆረጥ ጥለው ላለመሄድ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጠይቄያቸውም አላውቅም፤ የሚሰጡኝን መልስ ስለምፈራ ነው።

ውጊያው አጭር ነበር። የምሽጉ ሹም ስድስት ጠመንጃ፣ ያውም ሁለቱ የማይተኩሱ፣ ሊሰበስብ ነበር የመጣው። ከእያንዳንዱ የድንጋይ ካብ ኋላ ተኩስ ሲከፈትበት በቅሎው ወደቀች፤ ባንዳዎቹ ከሁሉ ቀድመው ወንዙ ውስጥ ገቡ። አስካሪዎቹ ጥቂት ጊዜ ተኮሱ፤ ከላዮች አንድ ጎልማሳ ጭኑን ተመታ። ቀትር ሳይሆን ሹሙ በሰው በቅሎ ተቀምጦ በመጣበት ተመለሰ። ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ክዳን እንኳ አልጨሰችም።

ወንዶቹ እየፎከሩ ወደ ዳሱ ተመለሱ። ግራዝማች ፊት ነበሩ፤ ሲገቡ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፤

«ሻኛውስ?»

ምሰሶው ባዶ ነበር። ተኩስ ሲጀመር ከዳሱ ያልራቁት ከደጅ የተቀመጡት ነዳያንና ቆሎ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ የሚቃጠል ቤት የላቸው፣ የሚወሰድ ጠመንጃ የላቸው። ተነሥተው ገብተው ሻኛውን በሥርዓት፣ እኩል እኩል ተካፍለው በልተውታል። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጣቱን እየላሰ፣ «እግዜር ይስጥልን፤ ነፍስ ይማር» አለ።

አማቴ፣ «አሜን» አሉ።

በዚያው ዳስ፣ እጃቸው ሳይታጠብ፣ ታቾች በማኅላው ገቡ። መስቀሉን የያዙት መርጌታ ናቸው። ከተቃውሞዎቹ ለአንዱም መልስ አልተሰጠም፤ ማንም አላነሣቸውምና። ምሽጉ ከቦታው አልተነሣም፤ ንስሐ የገባ የለም፤ ጠመንጃችንም ያው ስድስት ነው። መርጌታ፣ «እኔ ከመጀመሪያው በሩ ክፍት ነው ብዬ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ግራዝማች ደግሞ ታቾችን ያስገባቸው የእሳቸው ምክር እንደሆነ እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩ ኖረዋል። ዘመቻዎቻቸው አራት ሆኑ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ለእኛ ለታቾች ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ያየሁትን ግን ልጨርስ።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ከእኛም በታች፣ ከወንዙ ዳር ካለ መንደር ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን መጡ። የምሽጉ ሹም ቀን ቆርጦላቸዋል፤ ከማኅላው መግባት ይፈልጋሉ። አሁን የደብራችን ተናጋሪ ባሌ ነው። መርጌታም በዚያ ቀን ከእኛ ቤት ነበሩ። እኔ ጠላ እቀዳ ነበር፤ ልጄ ወለሉ ላይ ይድሃል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ነገራቸውን ጨረሱ።

ባሌ ጢሙን አሻሸ። በላዮች ምክር ላይ አልነበረም፤ እኔ ከነገርሁት በቀር የሰማው ነገር የለም። እንዲህ አለ፤

«ነገሩ ቀላል አይደለም። እናንተ ያላችሁት ከምሽጉ ግርጌ ነው። እናንተ ከገባችሁ የእኛ አጥር የት ሊደርስ ነው?»

እኔም፣ አልዋሽም፣ ቤቴንና ልጄን አየሁና ራሴን በመስማማት ነቀነቅሁ። ነቅንቄ ሳልጨርስ አማቴን አየኋቸው። ከምድጃው ጥግ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾሩ ነበር፤ አቆሙት። ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እኔን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ መርጌታ ዞሩ።

«የኔታ» አሉ፣ «ዲማ የተማሩ ስለሆኑ ልጠይቅዎ። ቁም ተዝካር ሁለት ጊዜ ይወጣል?»

መርጌታ ነገሩን በሦስት ሊከፍሉት ጀምረው ተዉት። «ኧረ አይወጣም፣ እመይቴ። አንድ ጊዜ ነው።»

«እንግዲያውስ ሌላ የማርደው በሬ የለኝም» አሉ አማቴ፣ እንዝርታቸውን እያነሡ። «አስገቧቸው።»